«ጠፋ» እና «ጠፋች»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ነግሬያቸው ተመልሻለሁ። «ሐሰት ተናግሬያለሁ፣ አባ» እላቸዋለሁ። በማን ላይ፣ ምን ብለህ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። አላሉኝም። ቀኖናዬን ይሰጡኛል፣ ሰግጄ እጨርሳለሁ፣ ጾሜን እጾማለሁ፣ ነገሩ ግን ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፤ ምናልባት የሚያስችለኝ እሱ ይሆናል።

ይኼነው እባላለሁ። ትውልዴ ጎጃም ነው። አሶሳ የሄድኩት ኮምፒውተር ተምሬ በወጣሁ በዓመቱ ነው፤ ለሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ክልሉ ገና አዲስ ነው እንባባል ነበር። መንገዱ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ ሳይቀር አዲስ። ከመሀል አገር የሄድን ሰዎች ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ ያለ እኛ የማይቆም ይመስለን ነበር። እኔ የሠራሁበት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ዛሬ የለም፤ ስሙንም አልጠራም። ጥፋቱ የጣቢያው አይደለም። የእኔ ነው፣ የይኼነው።

ሥራዬን ላስረዳችሁ፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ዜናም ሆነ ማስታወቂያ ስናወጣ ኮምፒውተር ላይ ቅጽ እንሞላለን፤ ርእስ፣ ቦታ፣ ቀን፣ የሰው ስም፣ ጾታ፣ ዝርዝር። ቀድሞ ሌሎች ጣቢያዎች የእኛን ወሬ ሲፈልጉ ስልክ ይደውላሉ፣ እኛ እናነብላቸዋለን፣ እነሱ ይጽፋሉ። ይህ ቀርቶ የእነሱ ኮምፒውተር በየሰዓቱ ራሱ ወደ እኛ ኮምፒውተር መጥቶ አዲስ ነገር ካለ ይዞ እንዲሄድ የሚያደርግ መግቢያ እንድሠራ ታዘዝኩ። ባለሙያዎቹ ኤፒአይ ይሉታል። እኛ «ክፍቱ በር» አልነው። ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ገብቶ ይወስዳል፣ የወሰደውን በራሱ ጣቢያ ያነበዋል፣ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። አሶሳ የተጻፈች አንዲት መስመር ሰዓት ሳይሞላ ግልገል በለስም፣ ነቀምትም፣ አዲስ አበባም ትነበባለች። ደስ አይልም? እኔንማ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

በሩን እንዴት እንደምሠራ ያሰለጠነኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። «ሰዎቹ አንዴ የወሰዱትን ተመልሰው አያዩትም። ስለዚህ ስሕተት ስታርም ማረሚያው ራሱን ችሎ እንደ አዲስ ነገር እንዲደርሳቸው አድርገህ ሥራው። ያን ካልሠራህ አንተ ጋ ይታረማል፣ እነሱ ጋ እንዳለ ይቀራል» አለኝ። እሺ አልኩት። አልሠራሁትም። ጊዜ አጥሮኝ አይደለም፣ ንቄው ነው። እኛ ምን እንሳሳታለን ብዬ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲባል ሰምቼ ያላደግኩ ይመስል! ለሥራ አስኪያጃችን ግን «ማረሚያውን ጨምሮ አልቋል» አልኩት። የመጀመሪያዋ ሐሰት እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ስለ አማርኛ ልናገር። አሶሳ ሰው ሁሉ አማርኛ ይናገራል፤ ለብዙው ግን የእናቱ ቋንቋ አይደለም። የአገሩ ተወላጅ በርታው እቤቱ በርታኛ ያወራል፣ ገበያና ቢሮ ሲመጣ አማርኛ ያወራል። አማርኛችን ደግሞ ክፉ ነው፣ በየቃሉ ወንድ ነው ሴት ናት እያለ ሰው ያስጨንቃል። እነሱም መላ አበጅተውለታል፤ ሁሉን ወንድ ያደርጉትና ይገላገላሉ። ላሜ ወለደ፣ እናቴ መጣ፣ ሚስቴ ታመመ። የበርታኛውን ፕሮግራም የሚያቀርበው ሙሳ፣ እሱ ራሱ በርታ ነው፣ የልብ ጓደኛዬም ነበር፣ «እኛ አማርኛ ውስጥ ስንገባ ሴቶቻችንን ውጭ ትተን ነው» እያለ ያስቀን ነበር። እሱ በራሱ መቀለዱ ነው። እኔ ግን ጎጃም ለዕረፍት ስሄድ አነጋገራቸውን እያስመሰልኩ ቤተ ዘመዱን በሳቅ እገድል ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለምን ይመስላችኋል? አላውቅም ነበር እንዳልል ነው። አውቅ ነበር። «ልጄ ጠፋ» ሲባል ልጁ ወንድም ሴትም ሊሆን እንደሚችል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ መጤ አሶሳ ውስጥ አልነበረም፤ ስንት ቀን ስቄበታለሁ።

ሀዋ የመጣችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ክፍቱ በር የሚመረቅበት ቀን ነበር። እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ተጠርጓል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ እኔ ከረባት አስሬያለሁ። አንዲት ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ የበርታ ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። ከኩርሙክ መንገድ ዳር ካለች መንደር እንደመጣች ነገረችኝ። እንቅልፍ እንዳላየች ዓይኗ ይናገር ነበር። በእጇ አንዲት ትንሽ ፌስታል ጨብጣለች።

«ኡስታዝ፣ ልጄ ጠፋ» አለችኝ፤ እዚያ የተማረ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይባላል። «ትናንት ነው። መናኸሪያ ነው። ወባ አለው፣ ሐኪም አየው። እዚህ ተቀመጥ አልኩ። እኔ ሄደ፣ መድኃኒት ገዛ፣ መጣ፣ ልጄ የለም።»

ስም ጠየቅኳት። ኢህሳን አለችኝ። ኢህሳን የወንድም የሴትም ስም ነው፤ ይህንንም አውቅ ነበር፣ የጎረቤቴ ልጅ ኢህሳን ሴት ናት። ዕድሜ ጠየቅኳት፤ ስምንት አለችኝ። ምን ለብሷል አልኳት፤ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አለችኝ። ሌላ ምልክትስ አልኳት፤ ራሱ ላይ ቁስል ነበረው፣ ተላጨ አለችኝ። አማርኛ ይችላል? አይችልም። የቀረችው ሳጥን ጾታ ነበረች። ቀና ብሎ «ወንድ ነው ሴት?» ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስሟን ጠይቄ፣ ዕድሜዋን ጠይቄ፣ ሸሚዟን ጠይቄ፣ ይህን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ውጭ የመኪና ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንግዶቹ መጡ ብያለሁ፤ ልቤ ከግቢው በር ላይ ነው። ወንድ የሚለውን ነካሁና ማስታወቂያውን አወጣሁት። አንዲት እናት ልጇን ፈልግልኝ ብላ ብትመጣ ወንድ ብዬ የጻፍኩባት እኔ ነኝ።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ስሙ። እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ በሩ እንዴት እንደሚሠራ ማሳያ ያደረግኩት የሀዋን ማስታወቂያ ነው። «ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንዲት እናት መጥታ ነበር። ይኸው አሁን ልጇን ሰባት ጣቢያዎች እየፈለጉላት ነው» አልኩ። ሰባቱም እንደወሰዱት በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። አጨበጨቡልኝ። ሀዋ ውጭ ቆማ በመስኮቱ ታየን ነበር። ጭብጨባውን ስትሰማ ልጇ የተገኘች መስሏት ነው መሰለኝ፣ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩላት።

ሙሳ የነገረኝ ከምሳ በኋላ ነው። ለበርታኛው ፕሮግራም ሀዋን በቋንቋዋ አነጋግሯት ነበር። የእኔን ጽሑፍ ሲያይ ክፍሌ ድረስ መጣ። «ይኼነው፣ ልጅቷ ሴት ናት እኮ። ወንድ ብለህ ነው ያወጣኻት» አለኝ። ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ክው አልኩ፤ የሚቆጠርልኝ ነገር ካለ እሱ ብቻ ነው። እዚያው እሱ እያየኝ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ወንድ የሚለውን ሴት አደረግኩት። «ተስተካክሏል» አልኩት።

«ለወሰዱትስ?» አለኝ።

«ማረሚያው ይሄድላቸዋል፤ በሩ ራሱ ይልከዋል» አልኩት።

አይልከውም። እናንተ አሁን ታውቃላችሁ፣ እኔ ያኔም አውቅ ነበር፣ ሙሳ ግን አያውቅም። አመነኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። ሰባቱ ጣቢያዎች ጠዋት የወሰዱትን ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ መላ ነበረኝ፤ ስልክ አንሥቼ ለሰባቱም «ተሳስተናል፣ ሴት ናት» ማለት። ሰባት ስልክ! ለሰላምታ የማጠፋውን ጊዜ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን ስደውል «በራችሁ ማረሚያ አያስተላልፍም እንዴ?» ይሉኛል። ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ይገባል። እንግዶቹም ከተማውን ገና አልለቀቁም። ከእነሱ አንዱ ምሳ ላይ «አንተን የመሰለ ሰውማ አዲስ አበባ እንፈልገዋለን» ብሎኛል። እስኪሄዱ ልቆይ አልኩ። ደግሞስ ሙሳ በበርታኛ ትክክሉን ተናግሮታል፣ የበርታ ልጅ ብትገኝ በርታ ጋ ነው የምትገኘው አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ሊቅ ነው!

ሐሙስ እንግዶቹ ሄዱ። ሐሙስ አልደወልኩም። አሁን ብደውል ትናንት ለምን አልደወልክም ይሉኛል አልኩ። ዓርብ አልደወልኩም። ዓርብ ደግሞ ሐሙስ ለምን አልደወልክም የሚሉኝ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ በደል ራሱን ያሳድጋል፤ በየቀኑ ትንሽ እየከበደ ስለሚሄድ ሰው በየቀኑ ማንሣቱን ይተወዋል። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የከለከለኝ ማንም የለም።

ሀዋ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሳልፍ ብድግ ትላለች። «ኡስታዝ፣ አለ?» ትለኛለች። ወሬ አለ ወይ ማለቷ ነው። «ገና ነው። እየተፈለገች ነው፣ አይዞሽ» እላታለሁ። «ች»ዋን አጥብቄ፣ አማርኛ እንደሚያስተምር ሰው። እሷ ፊት ሴት እያልኩ በሰባቱ ጣቢያ ወንድ ልጅ አስፈልግ ነበር። «አላህ ይስጥህ» ትለኛለች። አሜን እላታለሁ። አሜን ማለቴን ስታስቡት አይዘገንናችሁም?

ሰኞ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሙሳን እየጠየቀ መጣ። ባለፈው ማክሰኞ ከአሶሳ ወጥቶ መንዲ ሲደርስ ኋላ ወንበር ላይ የማንም ያልሆነች ልጅ ተኝታ አገኘ። ትኩሳት አላት፣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ተሳፋሪ የለም። ከእናቷ ጋር የሚሳፈሩበት መኪና መስሏት ወጥታ እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፤ ከዚህ ሌላ ነገሩን የሚያውቅ ሰው የለም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ለምትሸጥ ሴት በአደራ ሰጥቷት ሄደ። ስመለስ እወስዳታለሁ ብሎ ነበር፤ አዲስ አበባ መኪናው ተበላሽቶበት ሰነበተ። ሌላ መንገድ ዞሮ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ይዞ አሶሳ የገባው ገና ያን ቀን ነው። «ሬዲዮውንስ እሰማ ነበር» አለን። «ልጅ ጠፋ ሲሉ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ወንድ ነው አሉ። እኔ ያወረድኳት ደግሞ ሴት ናት። የሌላ ሰው ልጅ ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ እዚህ ስገባ ግን አንድ በርታ፣ ሙሳ በበርታኛ ሴት ናት እያለ ነው ቢለኝ ጊዜ መጣሁ።»

ሙሳ ወዲያው መኪና አስነሣ። ሀዋ፣ ሙሳና እኔ ሆነን ወጣን። ለምን አብሬ እንደሄድኩ እስካሁን አላውቅም። ልጅቷ በሕይወት ስትገኝ አጠገቧ ቆሜ ጥፋቴ ሁሉ እንዲጠፋልኝ ይመስለኛል። ሀዋ ከኋላ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ባምባሲ ስንደርስ መኪናው እንዲቆም ጠየቀች። ወርዳ ሙዝ ገዝታ መጣች። ሙሳ ምን ሊሆንሽ ነው ሲላት በበርታኛ የመለሰችለትን ተረጎመልኝ፤ ፋርማሲው መድኃኒቱን በባዶ ሆድ አትስጪያት ብሏታል። ያን ጊዜ ነው ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የገባኝ። ማክሰኞ የገዛችውን የልጇን የወባ መድኃኒት ሳምንት ሙሉ ከእጇ ሳትለየው ይዛው ትዞር ነበር።

ሻይ ሻጯ ጫልቱ ትባላለች። ኦሮሞ ናት፣ ጠና ያለች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት። ከመኪና ስንወርድ ሀዋን አየቻትና መልኳ ልጅቷን አስታውሷት ነው መሰለኝ፣ የሻይ በራዱን ጥላ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ያ ረቢ! አሁን ነው የምትመጡት? አሁን?» አለች። ሌላ መናገር አላስፈለጋትም። ሀዋ ሙዙን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ የሞተችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጫልቱ ብርድ የመታት መስሏት ዝንጅብል ስታፈላላት፣ በነጠላዋ ስትጠቀልላት ሰንብታ፣ ቅዳሜ ሲብስባት አዝላት ወደ ሐኪም ቤት ሮጣለች። ሳይደርሱ ጀርባዋ ላይ ሞተችባት። የሠፈሩ ሙስሊሞች አጥበው ቀበሯት። ይህን ሁሉ እያለቀሰች ነገረችንና በድንገት ቁጣ መጣባት።

«ዓርብ ዕለት ደወልኩ እኮ!» አለች። «የነቀምቱ ሬዲዮ የራሱን ስልክ ሰጥቶ ነበር፣ በሱ ደወልኩ! ራሷ የተላጨ፣ የተማሪ ሸሚዝ ያላት፣ ትኩሳት ያላት ልጅ እኔ ጋ አለች፣ ኢሳን ኢሳን ትላለች አልኳቸው። የሚፈለገው ወንድ ነው አሉኝ። እስቲ በናታችሁ ደግማችሁ እዩ አልኩ። ደግመው አዩ። ወንድ ነው ይላል እናቴ፣ ሌላ ልጅ ናት አሉኝ።»

ደግመው አዩ። ዓርብ ደግመው ያዩት የእኔን ጽሑፍ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ደውዬ ቢሆን፣ ሐሙስ ደውዬ ቢሆን፣ ዓርብ በጠዋት እንኳ ደውዬ ቢሆን! ዓርብ ሀዋ ማንጎው ሥር ነበረች። መድኃኒቱ ጭኗ ላይ ነበር። ከአሶሳ መንዲ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሒሳቡን ያኔ እዚያው ቆሜ ሠራሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሳልሠራው የዋልኩበት ቀን የለም።

ሙሳ ወደ እኔ ዞረ። «ማረሚያው ሄዷል አላልከኝም?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ስንፍና ነው፣ ትዕቢት ነው፣ ፍርሃት ነው። ሰው ይሳሳታል፣ ይፈራል፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን ንስሐ አባቴ ፊት አፌ ባልተሳሰረ ነበር። ልናገረው ያልቻልኩት አሁን የሚመጣውን ነው። እግዚአብሔር የመጨረሻ በር ከፍቶልኝ ነበር። «አልሄደም፣ ዋሽቼሃለሁ» የምልበት ቦታ ነበር፤ የሞተችውን ባያስነሣም በሕይወት ያለችውን እናት ያተርፋት ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«ሄዷል። እነሱ ናቸው ያላዩት» አልኩ። በዚህም አላበቃሁም። በጣቴ ሀዋን አሳየሁት። «ደግሞስ እሷ አይደለች እንዴ ጠፋ ያለችኝ? ጠፋች አላለችኝም። የነገረችኝን ነው የጻፍኩት።»

ይህን አልኩ። የልጇ አፈር ሳይደርቅ፣ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በጣቴ እያሳየሁ ይህን አልኩ። በርታ ናት አትሰማም ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ አማርኛ መስማት ትችላለች፣ አውቃለሁ። እንዲያውም እንድትሰማው ሳልፈልግ አልቀረሁም፤ ጥፋቱን የሚወስድልኝ ሰው ፈልጌ ነበርና እሷ በቅርብ ተገኘች።

ሀዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሙሳን በበርታኛ አንዲት አጭር ነገር ጠየቀችው። ፊቱን አዞረ። ደግማ ጠየቀችው። መለሰላት፤ ከመለሰላት ውስጥ አንዲቱን ቃል ለየኋት፣ አማርኛ ነበረችና። «ጠፋች» አላት። ለሴት እንዴት ነው የሚባለው ብላው ነበር። መቃብሩ ጋ ስንሄድ፣ ስንቆም፣ ስንመለስ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓ የምታደርግ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ሰማሁት። «ጠፋች» ነበር የምትለው። «ጠፋች፣ ጠፋች፣ ጠፋች።»

እኔን ማን ምን አደረገኝ? ማንም ምንም አላደረገኝም። ሥራ አስኪያጁ አልጠየቀኝም። ሙሳ ከዚያ ቀን በኋላ አብሮኝ ምሳ መብላት ተወ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ማረሚያው የሚያልፍበትን መንገድ ሠራሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ቀን! ዓመት ሳይሞላ ያ እንግዳ ቃሉን ጠብቆ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ደመወዜ አደገ፣ አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ልጄ «አባዬ ጠፋሁ!» ብላ መጋረጃ ሥር ስትደበቅ አብሬያት መጫወት አልችልም፤ ሚስቴ ልጅ አይወድም ትለኛለች።

ከአራት ዓመት በኋላ ሙሳ እህቱን ሲድር ጠራኝ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ በደስታ ሄድኩ። በማግስቱ አሶሳ ገበያ ስዞር ማንጎ ከሚሸጡት መካከል አንዷ ብድግ ብላ «ኡስታዝ!» አለች። ሀዋ ናት። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ግን ሳቀችልኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«ደኅና ነህ? ሚስትህ ደኅና ናት?» አለችኝ። ናት አለች። ነው አላለችም። ልቤ የዚያን ጊዜ ነው ያወቀው።

የጎልማሶች ትምህርት እንደገባች ነገረችኝ። መምህሯን አስቸገረችው፤ ፊደሉን ተወው፣ መጀመሪያ የሴት አነጋገር አስተምረኝ ብላው። «አሁን አልሳሳትም» አለችኝ። «ስማኝ። ላሜ ወለደች። እናቴ መጣች። ልጄ ጠፋች። ልጄ ሞተች። ልክ ነው?»

ልክ ነው አልኳት።

«ያን ጊዜ ባውቅ ልጄ አትሞትም ነበር» አለችኝ። አላለቀሰችም። የለመደችው ነገር ነው፣ ለራሷ ብዙ ጊዜ ያለችው። «ምላሴ ነው የገደላት። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ፈለግሃት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ከዚያ ከማንጎዋ መርጣ መርጣ ስድስት በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ፤ ለሚስትህ አለችኝ።

ተቀበልኳት። እስቲ ፍረዱ! ዙሪያዬን ሰው ነው፣ ገበያ ነው፣ ጉልበቷ ላይ ወድቄ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ፌስታሉን ይዤ አመስግኛት ሄድኩ። መናኸሪያ ስደርስ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገብ አስቀምጬው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ስንት ጊዜ ገደልካት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ስንቱን ልቁጠርላችሁ?

ያ ማስታወቂያ እስካሁን አልጠፋም። ከእኛ የወሰዱ ወስደው፣ ከእነሱም ሌሎች ወስደው፣ የማላውቃቸው ድረ ገጾች ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የኢህሳንን ስም ስጽፍ ይመጣል። «የጠፋ ወንድ ልጅ» ይላል። ለአንዳንዶቹ አጥፉልኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልስ የሰጠኝ የለም። በሩን እንዲህ አድርጌ የከፈትኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ማንን እወቅሳለሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሀዋም ወጣት ነበረች። ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። ይህን የምጽፈው ያኔ ያልላክሁትን ማረሚያ ልልክ ነው። ኢህሳን ሴት ልጅ ናት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ወንድ ነው ብሎ የጻፈው ይኼነው ነው፤ ተሳስቶ መሆኑን በዚያው ቀን ያወቀ፣ አውቆ ዝም ያለ፣ ዝም ብሎ በእናቷ ያላከከ ይኼነው ነው።

ሙሳ፣ ይህን ቀድሜ የምልከው ለአንተ ነው። ከዚህ በኋላ ዓይኔን ማየት ባትፈልግ አልፈርድብህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እስከ መንደሯ ድረስ ሂድና ንገራት። እኔም እመጣለሁ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ የምታደርገኝን ታድርገኝ፤ ነገር ግን ቀድማ ካንተ አፍ ትስማው። በአማርኛ እንዳትነግራት። በአማርኛ የሚበቃትን ያህል ተሠቃይታለች። በቋንቋዋ ንገራት፤ ምላሷ ማንንም እንዳልገደለ፣ ያን ቀን የተናገረችው አንድም ስሕተት እንዳልነበረበት ንገራት። ልጄ ጠፋ አለችኝ። ልጇ ጠፍታ ነበር። ሌላ ምን ትበለኝ?